ዘግይታ ስለገባችውና በመመሪያው መሠረት ስለታረመችው እናቴ

ለክቡር የድምፅ ጥራት መምሪያ ዋና ኃላፊ
ካሉበት

ክቡርነትዎ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ጉሮሮዎ፣ ጆሮዎ፣ ባለፈው ሰሞን ደረጃ ሲወጡ ያስቸገርዎት ጉልበትዎ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ያ የማይደክመው ፊርማዎ በሙሉ ጤንነት ላይ እንዲገኙ ከልብ እመኛለሁ። ስለ እኔ የጠየቁ እንደሆነ፣ በመምሪያዎ ሦስተኛ ፎቅ፣ በሩ አጠገብ ካለውና አንድ እግሩ በካርቶን ከተደገፈው ጠረጴዛ ፊት ተቀምጬ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የዘፋኞችን ድምፅ በኮምፒውተር ሳቃና የኖርኩ ሠራተኛዎ ነኝ። ስሜን አልጠቀስኩም፤ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ያላስፈለገዎትን ስም ዛሬ ምን በወጣዎት ይሸከማሉ ብዬ ነው።

ደብዳቤውን ግልጽ ያደረግሁት ደፍሬ እንዳይመስልዎ፤ ድፍረቱ ቢኖረኝማ እስካሁን ቢሮዎ ገብቼ ነበር። ከዚህ በፊት አራት የታሸጉ ደብዳቤዎች ለጸሐፊዎ ሰጥቻለሁ። ጸሐፊዎ፣ እግዜር ይስጣትና፣ አንዱንም ሳትመልስ ተቀብላ፣ ቀንና ቁጥር ጽፋ፣ ከጠረጴዛዋ በስተግራ ካለው ክምር ላይ ስታስቀምጣቸው በዓይኔ አይቻለሁ። ክምሩ ዛሬም እዚያው ነው፤ የአበባ ማስቀመጫ ተቀምጦበታል። እንግዲህ የታሸገውን የሚያነብ ከጠፋ፣ ያልታሸገውን መንገደኛም ቢሆን ያነበዋል ብዬ ነው።

መንገደኛው ግራ እንዳይገባው ሥራችንን ባጭሩ ላስረዳው። አንድ ሰው ሲዘፍን ድምፁ በኮምፒውተራችን ላይ እንደተጣለ ክር እየተጠማዘዘ የሚሄድ መስመር ሆኖ ይታያል። ትክክለኛው ቅኝት ደግሞ እንደ መደርደሪያ ቀጥ ብሎ ተሰምሯል። ድምፁ ከመደርደሪያው በታች ከወረደ በማውስ ይዘን ወደ ላይ እንስበዋለን፤ ከበላዩ ከወጣ እናወርደዋለን። ምቱም እንዲሁ ከላይ ወደ ታች በተሰመሩ መስመሮች ተከፋፍሎ ይታያል፤ አንዲት ቃል ከመስመሯ ዘግይታ ከገባች ጎትተን መስመሯ ላይ እናስቀምጣታለን። ድሮ ይህን የምናደርገው ዘፋኙ ራሱ መጥቶ "እዚህች ጋ ትንሽ አዳልጦኛል፣ እባካችሁ አስተካክሉልኝ" ሲለን ነበር። ክፉ ሥራ አልነበረም፤ ስንቱን ከሐፍረት አውጥተናል። እንዲያውም እወደው ነበር።

እነሆ ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ። መመሪያ ቁጥር ዘጠኝን ስላወጡልን አመሰግናለሁ። ለመንገደኛው ስል ልድገመው፤ በመዝገብ ቤታችን ያሉት የአርባ ዓመት ዘፈኖች በሙሉ፣ ዘፋኞቻቸው በሕይወት ኖሩም አልኖሩም፣ ፈቀዱም አልፈቀዱም፣ ቅኝታቸውና ምታቸው እስከ ዓመቱ መጨረሻ ተቃንቶ እንዲያልቅ ያዘዙበት ነው። ድምፅን ከሙዚቃ መሣሪያ ለይቶ የሚያወጣ አዲስ ፕሮግራምም ገዝተውልናል፤ ስለዚህ በአንድ ማይክ የተቀዳ የጥንት ዘፈን እንኳ አያመልጠንም። ከሁሉ የደነቀኝ ግን አንቀጽ ሰባት ነው፦ "የታረመው ቅጂ ከጸደቀ በኋላ፣ መደናገርን ለማስቀረት፣ ያልታረመው ይወገዳል።" እንዴት ያለ አርቆ አሳቢነት ነው! እኛ ሞኞቹ ሰው የሚደናገረው ዋናው ጠፍቶ ቅጂው ሲቀር ነው ብለን ስናስብ ኖረናል።

ሁለተኛ። ከጆሯችን ስለገላገሉን አመሰግናለሁ። በቀን አሥራ ሁለት ዘፈን እንድናርም ተወሰነብን፤ እያዳመጡ ከሆነ ስድስትም አይደርስ። ይህን በስብሰባ ላይ ባነሳን ጊዜ "መስመሩ በዓይን ይታይ የለም እንዴ? ጆሮ እኮ ያዘናጋል፤ ሰው ዘፈን ከሰማ ይመሰጣል" ብለው ነበር። እውነትዎን ነው፣ ይመሰጣል። ከዚያ ቀን ጀምሮ የጆሮ ማዳመጫዎቻችንን ግድግዳው ላይ ባሉት ምስማሮች ሰቅለን፣ ስድስት ሰዎች በአንድ ክፍል ውስጥ ጸጥ ብለን ዘፈን እናርማለን። ከኮሪደር የገባ እንግዳ የፈተና አዳራሽ ይመስለዋል፤ የሚሰማው የማውስ ጠቅ ጠቅ ብቻ ነው። አጠገቤ የሚቀመጠው ባልደረባዬ፣ እኛ "መስመሬ" የምንለው፣ በቀን አሥራ አምስት በማረሙ ሁለት ጊዜ ተሸልሟል። አንድ ቀን ምን ዓይነት ዘፈን እያረመ እንደሆነ ብጠይቀው ዓይኑን ሳይነቅል "እኔ እንጃ፣ ሴት ትመስለኛለች" አለኝ። አድልዎ እንዳይኖር ብለውም የዘፋኞቹን ስም አስነስተው በቁጥር ተክተዋል። እናም ማን እንደሆነ ሳናውቅ፣ ምን እንደሚል ሳንሰማ፣ ቀጥ እናደርገዋለን።

ሦስተኛ። እዚህ ላይ ክቡርነትዎን ስለ አንዲት ታይፒስት ላጫውትዎ። ከሠላሳ ስምንት ዓመት በፊት፣ በዚሁ ሕንፃ ምድር ቤት፣ ለዘፋኞች ግጥም የምትተይብ ልጅ ነበረች። አንድ ቀን ጠዋት ኦርኬስትራው ተዘጋጅቶ፣ የቴፑ ክር መቅጃ ማሽኑ ላይ ተጠምዶ ሳለ ዘፋኟ ጉሮሮዋ ተዘግቶ ቀረች። በዚያ ዘመን ዘፋኝና ሙዚቀኛ በአንድ ክፍል ቆመው በአንድ ትንፋሽ ነበር የሚቀዱት። የባንዱ መሪ ኮሪደር ላይ ወጥቶ "ኧረ ይህን ዘፈን የሚያውቅ ሰው የለም በሞቴ?" ብሎ ሲጮህ፣ ታይፒስቷ "እኔ ግጥሙን አራት ጊዜ ተይቤዋለሁ፣ በቃሌ ነው የማውቀው" አለች። ሹራቧን ትከሻዋ ላይ ጣል እንዳደረገች፣ እርሳሷን ጸጉሯ ውስጥ እንደሻጠች ገባች።

የመጀመሪያውን ክፍል አሳመረችው። ከመጀመሪያውና ከሁለተኛው ክፍል መካከል አኮርዲዮን ብቻውን የሚጫወትባት አጭር ቦታ አለች። ታይፒስቷ ያንን አኮርዲዮን ሁለት ዓመት ሙሉ በግድግዳ ሾልኮ ሲመጣ ሰምታዋለች እንጂ ሰውየውን ሲጫወት አይታው አታውቅም። ያን ለት ሁለት ክንድ ያህል ርቀት ላይ ቆሞ አየችው። አፏን ከፍታ ስታዳምጠው ተራዋ ደረሰ፤ እሷ ግን መዝፈኗን ጭራሽ ረስታዋለች።

አኮርዲዮኑን የያዘው ቀጭን ወጣት ጥሏት ማለፍ ይችል ነበር። አላለፈም፤ የመጨረሻዋን ድምፅ እንደያዘ መሣሪያውን ቀስ እያለ እየለጠጠ ጠበቃት። እሱ ሲጠብቅ ከበሮውም ጊታሩም አብረው ጠበቁ። ልጅቷ ባነነችና የሁለተኛውን ክፍል የመጀመሪያ ቃል፣ "ነገ" ብላ ገባች፤ አንድ ምት ተኩል ዘግይታ፣ ከቅኝቱ ትንሽ ዝቅ ብላ፣ ሳቋን እየዋጠች። መሪው እንደገና ይቀዳ ቢል ክሩ አልቋል። እንደዚያው ለአየር በቃ፤ ሰዉም ወደደው። በዓመቱ ታይፒስቷና አኮርዲዮን ተጫዋቹ ተጋቡ። እናትና አባቴ ናቸው። እናቴ ለባስም ለቀጠሮም ባረፈደች ቁጥር አባቴ "ግድ የለም፣ አንድ ምት ተኩል ነው" ይላት ነበር፤ እሷ ደግሞ "ማን ጠብቀኝ አለህ!" ትለዋለች። እኔም እንግዲህ ከዚያች አንድ ምት ተኩል የመጣሁ ሰው ነኝ።

አራተኛ። እናቴ ካረፈች ስድስት ዓመት ሆናት። አባቴ ደግሞ ከአራት ዓመት ወዲህ እየረሳ መጣ። መጀመሪያ መነጽሩን ያስቀመጠበትን፣ ከዚያ የሰፈሩን መንገድ፣ ከዚያ የልጅ ልጆቹን፣ መጨረሻ ላይ እኔን። አይቆጣም፣ አይጮህም፤ አባቴ ጨዋ ሰው ነው፣ ጨዋነቱ ብቻ አልጠፋበትም። እግሩን እያጠብኩት "እርስዎን አስቸገርኩ እሜቴ" ይለኛል። አንዳንዴ የቤቱ ባለቤት እመስለዋለሁ፣ አንዳንዴ ነርስ። ክቡርነትዎ መከበር የለመዱ ሰው ስለሆኑ ላይገባዎት ይችላል፤ ከገዛ አባት አፍ "እርስዎ" ሲወጣ ግን አንጀት ይቆርጣል።

ሐሙስ ሌላ ቀን ነበር። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ አሥር ሰዓት ላይ፣ የሬዲዮ ጣቢያችን የድሮ ዘፈኖች ፕሮግራም ሲያበቃ መዝጊያው ይኸው የእናቴ ዘፈን ነው። ለዚህች ሰዓት ብዬ ሐሙስ ሐሙስ ምሳዬን ትቼ ቀድሜ እወጣለሁ። ከኩሽናው በር አጠገብ ያለውን ጠረጴዛ ጠርጌ ሬዲዮኑን አስጠጋለታለሁ። ዘፈኑ ሲጀምር ጀርባው ቀና ይላል፤ ቀኝ እጁ የጠረጴዛውን ጠርዝ እንደ አኮርዲዮን ቁልፍ ይነካካል፤ ግራ እጁ አየር ላይ ይለጠጣል። እዚያች ቦታ ላይ ሲደርስ ጣቶቹ ባሉበት ይቆማሉ። ይጠብቃታል። "ነገ" ብላ ስትገባ ፊቱ ይፈካና ወደ እኔ ዞሮ "አየሻት? ዛሬም አርፍዳ!" ይለኛል።

ከዚያ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል፣ ቀን ከቀናኝም እስኪመሽ፣ እሱ አባቴ ነው፤ እኔም ልጁ ነኝ። ምሳ በልተሻል ወይ ይለኛል። ከሳሽ ይለኛል። ያ ወንድምሽ ዛሬም አልደወለም አይደል ብሎ ያማልኛል። አንድ ጊዜ እጄን ይዞ "ሥራ እንዴት ነው? አለቃሽ ጥሩ ሰው ነው?" ብሎ ጠይቆኝ፣ ክቡርነትዎ፣ እኔም "በጣም ጥሩ ሰው ነው" ብዬዋለሁ። ሳምንቱን የምገፋው ለዚያች ግማሽ ሰዓት ነበር። ያጋነንኩ ይመስላል፤ አላጋነንኩም።

አምስተኛ። ከሰባት ሐሙስ በፊት የታረመው ቅጂ አየር ላይ ዋለ። ስለ ጥራቱ አመሰግናለሁ፤ ያ የክሩ የሽሽ ድምፅ እንኳ ጠፍቶ እንደ ውሃ የጠራ ነበር። አባቴ እንደ ልማዱ ቀና አለ፤ እጆቹ ተነሡ። እዚያች ቦታ ላይ ሲደርስ ጣቶቹ ቆሙ፣ ግራ እጁ ተለጠጠ፣ ሊጠብቃት ተዘጋጀ። "ነገ" ደግሞ በሰዓቷ፣ መስመሯ ላይ ቁጭ ብላ፣ ሳቅ የለ ትንፋሽ የለ፣ ከተፍ አለች። አኮርዲዮኑም አልጠበቀም፤ የተለጠጠው ተቆርጦ ወጥቷል። አባቴ እጁ አየር ላይ እንዳለ ዘፈኑ ጥሎት ሄደ። ሊደርስባት ሞከረ፣ ጣቶቹ ተወሳሰቡበት። ከዚያ ሁለቱንም እጆቹን ጭኑ ላይ አስቀመጠና "አመለጠችኝ" አለ።

ዘፈኑ ሲያልቅ ወደ እኔ ዞረና በትህትና "ጥሩ ትዘፍናለች። ማን ናት እሜቴ? ያውቋታል?" አለኝ። መታጠቢያ ቤት ገብቼ ፎጣ ነክሼ አለቀስኩ። የሚቀጥለውም ሐሙስ እንደዚያው ሆነ፤ የሚቀጥለውም።

ቤት የቀዳችሁት ካሴት የለም ወይ ይሉኝ ይሆናል። ነበረ። እናቴ በሞተች ዓመት አባቴ ሲያዞረው ሲያዞረው ክሩ ተበልቶ አለቀ። እኛም ዋናው መዝገብ ቤት እያለ ምን ያሳስበናል ብለን ዝም አልን።

ስድስተኛ። ከመጀመሪያው ሐሙስ በማግስቱ ጠዋት ቢሮ የገባሁት ሰው ልደበድብ ነበር። ይህን ያደረገ እጁ ይቆረጥ እያልኩ ኮሪደሩን አመስኩት። "መስመሬ" ላይ ጮህኩበት፤ ምስኪን፣ በልጆቹ ማለልኝ። ከዚያ ለእናቴ ዘፈን የተሰጠውን የፋይል ቁጥር 2071 የእርማት ቅጽ ከቁም ሳጥኑ አወጣሁ። "አራሚ" በሚለው ቦታ ላይ ያለው የሠራተኛ ቁጥር የኔ ነው። "የታረመ ስህተት" በሚለው ሥር በገዛ እጅ ጽሕፈቴ እንዲህ ይላል፦ "ሁለተኛው ክፍል መግቢያ ላይ ዘግይታለች፤ ተስባለች። ሳቅ መሰል ድምፅ፤ ተወግዷል።" ሰኞ ቀን ነው፤ ያን ለት አሥራ ሦስት አርሜያለሁ። ለዚያ ወር የተሰጠኝ የምስክር ወረቀት፣ "ቀሪ ስህተት፦ ዜሮ" የሚለው፣ ከጠረጴዛዬ በላይ፣ ከማዳመጫዬ ምስማር አጠገብ ተሰቅሏል።

ግማሽ ሰዓት ያህል እናቴን ፊት ለፊት አይቻታለሁ፤ አላወቅኳትም። ግማሽ ቃል ብሰማ፣ ትንፋሿን ብቻ ብሰማ፣ ከሺህ ሰው መካከል እለያት ነበር። ግን መስመር ነበረች፤ ጠመም ያለች መስመር። አቃናኋት። ይህን ያህል ዓመት ከሰዎች ሁሉ ይልቅ በመምሪያው ላይ መናደድ ይቀለኝ ነበር፤ አሁን በማን እንደምናደድ እንኳ አላውቅም።

ሰባተኛ ነው ስምንተኛ? ቁጥሩ ጠፋኝ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ብቻ ስለ መዝገብ ቤቱም ማመስገን አለብኝ። ያልታረመው ፋይል በአንቀጽ ሰባት መሠረት መጥፋቱ ሲነገረኝ፣ ዋናው ክር መጋዘን ይኖራል ብዬ ማመልከቻ አስገባሁ። የመጋዘኗ ሴትዮ ጥያቄው በእርስዎ መፈረም አለበት አለችኝ፤ ጸሐፊዎ ጥያቄው በመጋዘኗ ሴትዮ መረጋገጥ አለበት አለችኝ። በደረጃው ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ስል ሰነበትኩ። በአምስተኛው ሳምንት መልስ መጣልኝ፤ ማመልከቻዬ ራሱ ተመልሶ፣ ከላዩ ላይ በሰማያዊ ማኅተም "ተወግዷል" ተብሎ። የተወገደው ክሩ ይሁን ማመልከቻዬ ለጊዜው ግራ ገብቶኝ ነበር። የመጋዘኗ ሴትዮ፣ እሷም ሰው ናትና፣ ቀስ ብላ "እህቴ፣ ክሮቹ ማመልከቻሽ ከመምጣቱ ከሁለት ቀን በፊት ነው የሄዱት፤ ብታስቀድሚው ኖሮ" አለችኝ። እኔም እንደ እናቴ ዘግይቼ ገባሁ ማለት ነው፤ ልዩነቱ እኔን የጠበቀኝ የለም።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን ከመመሪያው ውጭ ስለሆነ ልናዘዝ። የታረመውን ፋይል በፍላሽ ቤቴ ወሰድኩ። በማቃናት የተካነ ሰው ማጣመም አያቅተውም ብዬ አሰብኩ። ችግሩ ስንት እንደዘገየች አላውቅም፤ "አንድ ምት ተኩል" የቤታችን ወሬ እንጂ ልኬት አይደለም። ስለዚህ አባቴን ጠረጴዛው አጠገብ አስቀምጬ ዜማውን እያንጎራጎርኩለት ጣቶቹ የሚቆሙበትን ጊዜ በስልኬ ለካሁ። አሥራ ሰባት ጊዜ ለካሁ፤ ምስኪን፣ ለምን እንደሆነ ሳይጠይቀኝ አሥራ ሰባት ጊዜ ጠበቃት። መካከለኛውን ወሰድኩ። "ነገ"ን ወደ ኋላ ጎተትኩ፤ ከቅኝቷ ትንሽ አወረድኳት፤ አኮርዲዮኑን ለጠጥኩ። ሳቋን ከየትም ማምጣት አልቻልኩም።

ሐሙስ አሥር ሰዓት ላይ ሬዲዮኑን ዘግቼ፣ ከጀርባው ትንሽ ድምፅ ማጉያ ደብቄ አሰማሁት። ቀና አለ። እጆቹ ተነሡ። እዚያች ቦታ ደረሰ፤ ጣቶቹ ቆሙ፤ ጠበቀ። "ነገ" አለች፤ ልክ እሱ በጠበቃት ቦታ ላይ። ክቡርነትዎ፣ እዚያች ላይ አንድ ነገር ፊቱ ላይ አይቻለሁ፤ ስለዚህ ነው እስካሁን የማልተኛው። ከዚያ ጠፋ። እስከ መጨረሻው አዳመጠና እጁን ሰብስቦ "ይቺኛዋ አውቃ ነው የዘገየችው" አለ። "የኔዋ ረስታ ነበር።" ደግሞም፣ ሰው እንዳይከፋው ብሎ፣ "ይሁን፣ እርስዎም ደክመዋል" አለኝ።

እንግዲህ ምን እጠይቅዎታለሁ? እናቴን እንዳልል ተወግዳለች። አባቴን እንዳልል እሱን መመለስ ከመምሪያው ሥልጣን በላይ ነው። ገና ያልታረሙ ዘጠኝ መቶ አርባ ዘፈኖች አሉ፤ ሁሉም ዘግይተው የሚገቡ፣ ዝቅ የሚሉ፣ የሚያስሉ፣ የአንድ የማናውቀው ቤት ሰዎች ናቸው። አንቀጽ ሰባትን ይሰርዙልኝ ብል እንደማይሰርዙት አውቃለሁ። ማዳመጫዎቹ ከምስማር ይውረዱ ብል ዕቅዱ እንደሚጓተት ይነግሩኛል። ስለዚህ አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ ልለምን፤ አንድ ሐሙስ ጊዜ ካለዎት ቤቴ ይምጡና ከአባቴ ጎን ይቀመጡ። የድሮዋ ለምን ስህተት እንደነበረች እርስዎ ያስረዱት። እኔ ሞክሬ አልቻልኩም። በክብር ይቀበልዎታል፤ "እርስዎ" ማለት ያውቅበታል።

ጉልበትዎን እግዜር እንዲምርልዎ፣ ፊርማዎንም እንዲያበረታልዎ እየተመኘሁ፣

ከመስመሬ ወጥቼ የማላውቅ፣ በሰዓቴ የምገባ፣ ሳቄና ትንፋሼ በሚገባ የተወገደልኝ፣ ቀሪ ስህተቴ ዜሮ የሆነው፣

የክቡርነትዎ ታዛዥ አራሚ
ሦስተኛ ፎቅ፣ በሩ አጠገብ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ልዘጋ ስል ፋይል ቁጥር 3316 ጠረጴዛዬ ላይ ደረሰ። ከእናቴ ወዲህ ልማዴን ስለቀየርኩ ማዳመጫዬን ከምስማሩ አውርጄ ሰማሁት። እርስዎ ባለፈው ወር ሽልማት የተቀበሉበት ምሽት ነው። ለሞቱት እናትዎ ምስጋና ሲያቀርቡ፣ እሳቸው ልብስ ሲያጥቡ ያንጎራጉሩት የነበረውን ሁለት ስንኝ ለአዳራሹ አዜሙ። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ከቅኝቱ ወጡ፤ ከዚያ ድምፅዎ ተሰበረና አራት ሰከንድ ያህል ምንም አይሰማም፤ ከዚያ ትንፋሽዎን ስበው ጨረሱት። ክቡርነትዎ፣ በሕይወቴ እንዲህ ያለ ያማረ ነገር የሰማሁት ጥቂት ጊዜ ነው። በመመሪያው መሠረት የተሰበረውን አቃንቼዋለሁ፤ አራቱን ሰከንድ አውጥቻለሁ፤ አሁን በጣም ጥሩ ዘፋኝ ነዎት። ያልታረመው እስከ ሐሙስ አሥር ሰዓት እንዲጠፋ ታዟል። ደጋግሜ ሞከርኩ፣ እጄ እምቢ አለኝ። እንዳይጠፋ ከፈለጉ ይጻፉልኝና ላስቀምጠው፤ ምንም እንኳ ማመልከቻዎ አበባው ሥር ቢያድር። በኔ ማዘግየት ግን ብዙ ተስፋ አያድርጉ፤ ነገ ፋይሉ ወደ "መስመሬ" ይተላለፋል፣ እሱ ደግሞ ማዳመጫ አያደርግም።